የድልድይ ሶሌታ በአዲስ አበባ ዳርቻ፦ ከጭነትና ከፀሐይ ጋር

የድልድይ ሶሌታ መኪና የሚሄድበት የአርማታ ወለል ነው። ቢም (አግድም የተኛ ተሸካሚ) ላይ የሚያርፈው ዓይነት ውፍረቱ ብዙ ጊዜ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከላይ አስፋልት ይለብሳል፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ክፍተት ይተውለታል። ሲያዩት ቆሞ የሚውል ይመስላል። አይቆምም። ቀን ይረዝማል፣ ሌሊት ያጥራል፣ ገልባጭ ሲያልፍበት ይረግባል፣ ካለፈ በኋላ ይመለሳል። ከቃሊቲ ወደ ገላን፣ ከለቡ ወደ ሰበታ፣ በሱሉልታም በለገጣፎም ከከተማው የሚያስወጡ የአርማታ ድልድዮች ሁሉ ጠባያቸው ይኸው ነው።

አውራ ጎዳና

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በሠራቸው መንገዶች ላይ ብዙዎቹ ድልድዮች የድንጋይ ቅስት ነበሩ። በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዓለም ባንክ የተገኘው 5 ሚሊዮን ዶላር ባንኩ ለአፍሪካ ካበደራቸው ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ሥራውን ያለማመዱን አሜሪካኖች ናቸው፤ ቶሎ የለመዱት ግን የእኛው ፎርማኖችና ፌራዮዎች ናቸው። ዛሬም ሽማግሌዎቹ ቤቱን «አውራ ጎዳና» ነው የሚሉት፤ ከዚያ ቤት የወጣ ሰው ፌሮ ሲያሳስር ከሩቅ ይለያል። በደርግ ዘመን ስሙ ተለዋወጠ፣ ሥራው ቀጠለ። መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2013 ያወጣቸው የድልድይ ዲዛይን መመሪያዎች አሁንም የመሐንዲሱ ጠረጴዛ ላይ አሉ።

ጭነት

መመሪያው ከአሜሪካኖቹ የወሰደው የስሌት መኪና፣ ድልድይ ሲሰላ ያልፍበታል ተብሎ የሚታሰበው፣ ሦስት አክስል (ጎማ የሚይዝ ዘንግ) አለው። የፊተኛው 35፣ የኋላ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 145 ኪሎ ኒውተን ይጫናሉ። 145 ኪሎ ኒውተን ወደ 15 ቶን ይጠጋል። አሜሪካኖቹ በዚህ ላይ ለምትና ለንዝረት 33 ከመቶ ይጨምራሉ። መጋጠሚያው ላይ፣ ጫፉ ላይ በተተወው ክፍተት ማለት ነው፣ ጭማሪው 75 ከመቶ ይደርሳል። ጎማው እዚያ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ጠርዙን ይመታል።

ሶሌታው ጭነቱን የሚሸከመው በመታጠፍ ብቻ አይደለም። ግራና ቀኙን ቢሞቹ ስለያዙት ውስጡ እንደ ድንጋይ ቅስት ይጨመቃል። ከላይ ዝርግ፣ ከውስጥ ቅስት ማለት ነው። የካናዳዋ ኦንታሪዮ ይህን አምና እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣችው ደንብ የሶሌታ ፌሮ እንዲቀንስ ፈቅዳለች። እንዲህ ያለ ሶሌታ ሲሰበርም አብዛኛውን ጊዜ ታጥፎ አይደለም። ጎማው በልኩ ይበሳዋል።

ከጅቡቲ ኮንቴነር የሚያመጡት ተሳቢዎች በሞጆና በዱከም አድርገው ወደ ቃሊቲ ይገባሉ። አሸዋ የጫነው ሲኖትራክም አለ፤ የሁለት ቢያጆ አሸዋ በአንዴ ሊያደርስ የሚሮጠው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በኢሊኖይ በተደረገው ትልቅ የመንገድ ሙከራ ጉዳት በአክስል ክብደት አራተኛ ኃይል (ክብደቱ አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ) ገደማ እንደሚያድግ ታይቷል። በ10 ቶን ፈንታ 13 ቶን የጫነ አክስል ጉዳቱ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ይህ የመንገድ ንጣፍ ሒሳብ ነው። ለድልድይ ሶሌታ እንዳለ መገልበጡ ያከራክራል። ሶሌታ ላይ ይብሳል እንጂ አያንስም የሚሉ አሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

ሙቀት

አንድ ሜትር አርማታ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ጠጠሩ እንደ እኛ ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ከሆነ ትንሽ ያንሳል። ፌሮም በሙቀት የሚረዝመው ተቀራራቢ ልክ ነው። ባይሆን ኖሮ ሁለቱ ተላቀው አርማታ የሚባል ሥራ ባልኖረ።

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። በኅዳርና በታኅሣሥ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ እኩለ ቀን ላይ ያው ሜዳ አናት ይበሳል። አንድ የታኅሣሥ ቀን አቃቂ በኩል 60 ሜትር ገደማ የሚሆን ድልድይ ጫፍ ላይ ማስመሪያ ይዤ ነበር። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ክፍተቱ 31 ሚሊ ሜትር ነበር። 10 ሰዓት ላይ 27። ጥበቃው የጠፋብኝ ነገር ያለ መስሎት አብሮኝ ጎንበስ ብሎ ይፈልግ ነበር።

መርዘሙ ቀላሉ ነው፤ ክፍተት ካለው ይሄዳል። አስቸጋሪው ላይና ታቹ እኩል አለመሞቁ ነው። ጥቁሩ አስፋልት ፀሐይዋን ይጠጣል፣ የቢሙ ሆድ ጥላ ውስጥ ነው። የአሜሪካው ደንብ ለፀሐያማ አገር ከላይ እስከ 30 ዲግሪ ብልጫ ያስባል። 10 ሳንቲ ሜትር ወረድ ሲሉ ብልጫው ወደ 8 ዲግሪ ይወርዳል። ስለዚህ የላዩ ይለጠጣል፣ ድልድዩም እንደ ድመት ጀርባውን ያነሳል። ባለ አንድ ስፓን (በሁለት መቆሚያ መሃል ብቻ የተዘረጋ) ድልድይ ተነስቶ ይመለሳል፣ ጉዳት የለውም። በብዙ ምሰሶ ላይ ያለማቋረጥ የተዘረጋው ግን የመሃል ምሰሶዎቹ ይዘውት እንደ ልቡ አይነሳም። የተከለከለው እንቅስቃሴ ከሥር በኩል መሳሳብ ይሆናል። ይህ በስፓኑ መሃል መኪናው ከሚያመጣው ጋር ይደመራል። ስለዚህ ክፉው ሰዓት ፀሐይ አናት ላይ ሆና ተሳቢዎቹ የተሰለፉበት ነው።

የበልግ በረዶም አለ። የጋለውን ወለል በደቂቃዎች ውስጥ ያቀዘቅዘዋል። ላዩ ሲኮማተር ሆዱ ገና ትኩስ ነው፤ በዚህ ጊዜ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ሊመጣ ይችላል። ሰፈርተኛው ስንጥቅ ባየ ቁጥር «ሲሚንቶው ተበልቷል» ይላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ግን ከ0.3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስንጥቅ በብዙ ደንቦች የተፈቀደ ነው፤ አርማታ ሲሰላም ከሥር ይሰነጠቃል ተብሎ ነው።

መጋጠሚያና ጥቁር አፈር

ከአቃቂ እስከ ዱከም ያለው ሜዳ መረሬ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ይከፈታል። ድልድዩ ጠንካራ መሠረት ላይ ይቆማል፤ መግቢያው መንገድ ግን ከአፈሩ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ ድልድይ ጫፍ ላይ ጭንቅላቱ ጣራ የነካ ሰው ያውቀዋል። ተሳቢው ከዚያች እርከን ላይ ሲወድቅ ነው ያ 75 ከመቶ የሚመጣው። ለዚህ ነው ጥሩ ሶሌታ መሃሉ ደህና ሆኖ ጫፉ የሚፈራርሰው።

ክፍተቱ ሲደፈንም እንዲሁ ነው። በበጋ፣ ድልድዩ አጥሮ ክፍተቱ በሚሰፋበት ሌሊትና ማለዳ፣ አሸዋና ጠጠር ይገባበታል። ቀን ድልድዩ ሲረዝም ቦታ ያጣል፤ የዳሩን ግንብ ይገፋል ወይም የራሱን ጠርዝ ይሰብራል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ግንቦት ላይ፣ ክረምት ሳይገባ፣ ሁለት ሰው፣ መጥረጊያና ጫፉ የተቀጠቀጠ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ቁራጭ ይበቃል። እኛ ስንጠርግ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ደረቅ ጭቃ፣ የሃይላንድ ክዳንና ከተሳቢ የተፈታ ብሎን ነው። ብሎኑን አንዱ ልጅ ለጎሚስታው ይወስደዋል።