«መካከለኛ እንቅስቃሴ» ምንድን ነው?

አክስቴ ደም ግፊት አለባት። በቀደም ክትትል ሄዳ ስትመለስ ብስጭት ብላለች። «በሳምንት 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያድርጉ አለኝ። ከምንና ከምን መካከል እንደሆነ ግን አልነገረኝም!»

እውነቷን ነው። ቃሉ ብቻውን ምንም አይነግርም።

ነገሩ የሚለካው በትንፋሽ ነው። እየሄዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝሙር መዘመር ግን ካቃታችሁ፣ መካከለኛው ላይ ናችሁ ማለት ነው። መዘመር ከቻላችሁ ገና ናችሁ። ሁለት ሦስት ቃል ተናግራችሁ አየር የምትስቡ ከሆነ ደግሞ አልፋችሁታል፤ እሱ ከባድ እንቅስቃሴ ይባላል።

በባሕር ዳር መንገድ እንየው። ማታ ከጊዮርጊስ ወደ ጣና ዳር ወጣ ብለን የምናደርጋት ወክ መንፈስን ታድሳለች፤ ግን መካከለኛ አይደለችም። በየአሥር እርምጃው የሚያውቁት ሰው ይገኛል፣ ሰላምታው ራሱ ግማሹን ሰዓት ይበላል። የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ቤዛዊት በሚወስደው መንገድ ሜዳውን ፈጠን ብሎ መራመድ ግን መካከለኛ ነው። ዳገቱ ሲጀምር ጨዋታው ይቆምና «እ»፣ «አዎ» ብቻ ይቀራል። እዚያ ጋ ከባድ ሆነ።

ይህ ግን ለእኔ ነው። ኳስ የሚጫወት ጎረምሳ ያንኑ ዳገት እየዘፈነ ይወጣዋል። ከመተማ ቆላ የመጣ እንግዳም 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለን ከእኛ ቀድሞ ሊያለከልክ ይችላል። ለዚህ ነው «በሰዓት ይህን ያህል ኪሎ ሜትር» የሚል ልክ ለሁሉም የማይሠራው።

ቁጥር የሚወድ ዕድሜውን ከ220 ይቀንስ። የሚቀረው የልብ ምት በደቂቃ የሚደርስበት ጣሪያ ነው። የ50 ዓመት ሰው 170 ይደርሰዋል፤ መካከለኛው ከዚያ ላይ ከ64 እስከ 76 በመቶ ነው። በደቂቃ ከ109 እስከ 129 የልብ ምት መሆኑ ነው። ግምት ነው እንጂ ሕግ አይደለም። አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች ደግሞ የልብን ምት ስለሚያዘገዩ፣ እንደ አክስቴ ላለ ሰው ከልብ ምት ቁጥሩ ይልቅ ትንፋሹን ማመን ይሻላል።

ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው? ጡንቻ ሲሠራ ከደም ውስጥ ስኳር ይስባል፤ ለዚህም ኢንሱሊንን (ስኳርን ከደም ወደ ሕዋስ የሚያስገባውን ሆርሞን) አይጠብቅም። የደም ሥሮች ይላላሉ፣ ግፊቱም ከእንቅስቃሴው በኋላ ለሰዓታት ዝቅ ይላል። ሲለመድ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም መርጨት ስለሚችል በዕረፍት ጊዜ ምቱ ይቀንሳል። ታዲያ የግፊቱም የስኳሩም ለውጥ ከአንድ ሁለት ቀን ብዙም አያልፍም። ቅዳሜ አንዴ ሮጦ ሳምንቱን መተኛት ስሌቱን ያበላሸዋል። 150 ደቂቃውን ለምሳሌ በቀን 30፣ በሳምንት 5 ቀን ማድረግ ይቻላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ይላል። ከባድ ከሆነ ከ75 እስከ 150 ይበቃል። ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራም በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ያስፈልጋል። ቀድሞ «ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ» የሚል ነገር ነበረበት፤ አሁን ቀርቷል። የአምስት ደቂቃዋም ትቆጠራለች።

አክስቴ ይህን ስትሰማ «እኔማ ቀኑን ሙሉ ስንቀሳቀስ ነው የምውለው!» አለች። ከፊሉ ልክ ነው። ልብስ በእጅ ማጠብና ግቢ መጥረግ ካስተነፈሰ ይቆጠራል። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቡና ማፍላት ግን፣ ይቅርታ ታድርግልኝና፣ አይቆጠርም። ከተማችን ሜዳ ስለሆነች ብስክሌትም ጥሩ ነው፤ ለሁለት ፌርማታ ባጃጅ ውስጥ መግባት አመል ሆኖብን ነው እንጂ። ከዘጌ እንጨት ጭኖ በታንኳ የሚቀዝፈውን ሰው «ስፖርት ሥራ» ብትሉት ግን ይስቅባችኋል።

በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐዩ ስለሚከብድ በማለዳ መውጣት ነው። ስትራመዱ ደረት ውስጥ ሕመም ወይም የመጫን ስሜት ከተሰማችሁ፣ ወይም ካዞራችሁ፣ እዚያው አቁሙና ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

አክስቴ አሁን ጎረቤቷን ይዛ ጠዋት ጠዋት ትወጣለች። አንድ ቀን አብሬያቸው ሄድሁ። ሐሜቱ አልተቋረጠም፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን አጥሯል።