ሳስካቱን፦ ለጎብኚ የሚሆን አጭር ዳሰሳ

ሳስካቱን በካናዳ ሜዳማ ምድር፣ በሳስካችዋን ክፍለ ግዛት ያለች ትልቋ ከተማ ናት። በ2021 ቆጠራ 266,141 ነዋሪ ነበራት። ስሟን ያገኘችው የካናዳ ነባር ሕዝብ የሆነው የክሪ ሕዝብ «ሚሳስክዋቶሚና» ከሚለው ሐምራዊ የዱር ፍሬ ነው። ፍሬው በጁላይ ይበስላል፣ በፓይ (በሊጥ ውስጥ በሚጋገር ጣፋጭ) መልክም ይበላል።

ጉዞው መታቀድ ያለበት ከወቅቱ ተነስቶ ነው። በጃንዋሪ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚደርስባቸው ሌሊቶች አሉ፤ ነፋስ ሲጨመርበት ስሜቱ ከዜሮ በታች 40 ሲሞላ ያልተሸፈነ ቆዳ በ10 ደቂቃ ውስጥ በውርጭ ሊመታ ይችላል። በብርድ ወራት መኪኖች ከፊታቸው የኤሌክትሪክ ገመድ ተንጠልጥሎ ይታያል። ገመዱ የሞተር ማሞቂያ ነው፤ ከመነሳት አራት ሰዓት ያህል በፊት ሶኬት ላይ ካልተሰካ ዘይቱ ይወፍርና ሞተሩ እንቢ ይላል። መኪና የሚከራይ ሰው ማሞቂያው መኖሩን፣ ማረፊያውም ሶኬት እንዳለው አስቀድሞ ይጠይቅ። ለመጀመሪያ ጉብኝት ከጁን እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ያለው ጊዜ ይመረጣል። በጁን መጨረሻ ፀሐይ ከ16 ሰዓት በላይ ትቆያለች።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚሄድ የጎብኚ ቪዛ ግድ ነው፤ የጣት አሻራና ፎቶም ይጠየቃል። ከአዲስ አበባ በቶሮንቶ በኩል ሲገባ የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ፍተሻው እዚያው ያልቃል። ብዙውን ጊዜ ሻንጣም ተወስዶ ዳግም ይሰጣልና የሦስት ሰዓት መሸጋገሪያ መያዝ ይበጃል። ቶሮንቶ በሙቀት ወራት ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ታደርጋለች፤ ሳስካችዋን ግን በአብዛኛው ሰዓት አትቀይርም፦ ሳስካቱን ዓመቱን ሙሉ ከአዲስ አበባ 9 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ከቶሮንቶ ግን በብርድ ወራት 1፣ በሙቀት ወራት 2 ሰዓት ትዘገያለች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አድራሻ ሲጻፍ «ምሥራቅ» ወይም «ምዕራብ» የሚለው አይዘለል። አይድልዊልድ መንገድ ከተማዋን ስለሚከፍል፣ 20ኛ መንገድ ላይ አንድ ዓይነት የቤት ቁጥር በሁለቱም ወገን ሊገኝ ይችላል። ዋጋ ላይ የተጻፈው ከታክስ በፊት ያለው ነው፤ በአብዛኛው ዕቃ ላይ 11 በመቶ ይጨመራል።

መታየት ያለበት ዋነኛው ስፍራ ከከተማዋ በስተሰሜን ያለው ዋኑስከዊን ነው። የሜዳው ነባር ሕዝቦች ከ6,000 ዓመት በላይ የተሰባሰቡበት ሸለቆ ሲሆን፣ ጎሽ መሰሉ ባይሰን በ2019 ተመልሶበታል። ቢያንስ ግማሽ ቀን ይሰጠው። በ2017 የተከፈተው የሬማይ ሞደርን የሥነ ጥበብ ሙዚየም የሠዓሊው ፒካሶ ብዙ የሊኖሊየም ሕትመቶች (በሊኖሊየም ንጣፍ ላይ ተቀርጸው በወረቀት የታተሙ ሥዕሎች) አሉት። ከሙዚየሙ ወጥቶ ከተማዋን በሚያቋርጠው በሳውዝ ሳስካችዋን ወንዝ ዳር መንገድ በእግር መሄድ ይቻላል። ውኃው ውስጥ መግባት ግን አይገባም፦ የአሸዋ ደለሉ ቦታ ይለዋውጣል፤ ጉልበት ድረስ የነበረው ውኃ ከአንድ እርምጃ በኋላ ጥልቅ ይሆንና ጅረቱ ሰው ይወስዳል።