ፒክ፦ የእንግሊዝኛው ግሥ በጅማ ቡና ማሳ

ፒክ በእንግሊዝኛ ዘወትር ከሚሰሙ ግሦች አንዱ ነው። መልቀም፣ መቅጠፍ፣ መምረጥ፣ ማንሳት፣ መጎርጎር ተብሎ ይፈታል። የእነዚህ ፍቺዎች ዝምድና የሚገባው ግን ሥራው ሲታይ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከጅማ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

በጅማ ዞን ወረዳዎች በማና፣ በጎማና በጌራ ቡና በብዛት የሚለቀመው በጥቅምት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። አበባው በአንድ ጊዜ ስለማይፈነዳ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ፍሬ ጎን ለጎን ይገኛል። ጎበዝ ለቃሚ ቀዩን እሸት ብቻ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዞ፣ ቅርንጫፉን ሳይጎዳ ጠምዘዝ አድርጎ ያወጣዋል፤ ያልደረሰውን ለሚቀጥለው ዙር ይተወዋል። ፒክ ማለት ይኸው ነው፤ ከብዙ መካከል አንዱን በዓይን መርጦ በጣት መቅጠፍ። ቅርንጫፉን እንዳለ ላጥ አድርጎ ማራገፍ ሥራ ያፋጥናል፤ ጥሬው ከበሰለው ሲቀላቀል ግን የቡናው ጣዕም ይበላሻል። እንግሊዝኛ ይህን አሠራር ስትሪፕ ፒኪንግ ብሎ ለይቶታል። መሬት የወደቀውን ማንሳት ፒክ አፕ ነው፤ ከደረቀው ቡና መካከል ጥቁሩንና የተሰበረውን ለይቶ ማውጣት ደግሞ ፒክ አውት። አማርኛ ሦስቱንም ለቀማ ስለሚል የኛ ተማሪ ሁሉንም በባዶ ፒክ ቢጽፍ አይፈረድበትም።

ጉዳዩ ለጅማ ተማሪ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት በኋላ ኮሌጅ ሆኖ፣ በ1999 ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋህዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲን መሥርቷል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ቡና ሲለቅም ያደገ ልጅ የቤቱን ሥራ በዚህ ግሥ ያጠናዋል።

ከማሳው ውጭም ጣትና ሹል ነገር ከቃሉ አይለዩም። ጥርስ መጎርጎር በፒክ ይነገራል፤ እኛ ስቴኪኒ የምንለውም ቱዝፒክ ይባላል። ኪስ ማውለቅና ቁልፍን በሽቦ ጎርጉሮ መክፈትም ከዚሁ ናቸው። ጠብ መጫር ፒክ ኤ ፋይት ሲሆን፣ አንድን ሰው ነጥሎ መተናኮል ፒክ ኦን ነው። ለመምረጥ ሲውል ከሴሌክት ይልቅ ለጨዋታ ይቀርባል፤ ለማመልከቻና ለጥናት ጽሑፍ ሴሌክት ይሻላል።

ከቅጥያዎቹ ሁሉ ሥራ የሚበዛበት ፒክ አፕ ነው። ስልክ ማንሳት፣ ከመናኸሪያ እንግዳ ተቀብሎ መውሰድ፣ ቋንቋን ሳይማሩ በጆሮ መልመድ፣ ሁሉም በእሱ ይነገራሉ። በጅማው ሂርማታ ገበያ ሲነግድ አማርኛን ወይም አፋን ኦሮሞን የለመደ ሰው ቋንቋውን ፒክ አፕ አደረገ ይባላል። ፒካፕ መኪናም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። በአገባብ አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ ስሙ ከአፕ በፊትም በኋላም ሊገባ ይችላል፤ ተውላጠ ስም ግን መሃል ላይ ብቻ ይገባል። ፒክ ኢት አፕ ትክክል ነው፤ ፒክ አፕ ኢት አይባልም።