ኤኤስ/400 ላይ ፋይልና ፍጥነት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አይቢኤም ኤኤስ/400 የተባለውን የድርጅቶች ኮምፒውተር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ዛሬ ስርዓተ ክወናው አይቢኤም አይ ይባላል። ስለ ፋይል አያያዙ የሚወራው ብዙው ነገር ግን ከሌሎች ሰርቨሮች ልምድ የመጣ ነው፤ እዚህ አይሠራም።

«ትልልቅ ፋይሎችን ለየብቻ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ያፈጥናል»
ይህን ለሲስተሙ ተዉለት። ሜሞሪውንና ዲስኮቹን እንደ አንድ ሰፊ ማከማቻ ነው የሚያያቸው። ፋይሉን በዲስኮቹ ላይ በትኖ ያስቀምጠዋል፤ ሲነበብ ብዙዎቹ አብረው ይሠራሉ። የእናንተ ሥራ የሚመጣው አዲስ ዲስክ ሲጨመር ነው። አዲሱ ባዶ ስለሆነ አዲስ ዳታ ወደ እሱ ይጎርፋል፤ እሱ ሲጨናነቅ ሌሎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ዳታውን የሚያመጣጥነውን ትእዛዝ አስኪዱ።

«ላይብረሪ ማለት ፎልደር ነው»
አይደለም። ላይብረሪ ፋይልና ፕሮግራም የሚቀመጥበት ነው፤ ግን በራሳችሁ ላይብረሪ ውስጥ ሌላ ላይብረሪ መፍጠር አትችሉም፤ ስሙም ከ10 ፊደል አያልፍም። ለፒዲኤፍና ለምስል አይኤፍኤስ (ፎልደር በፎልደር ውስጥ የሚፈጠርበት የፋይል ስርዓት) አለላችሁ።

«ሪከርድ ሲሰረዝ ቦታው ይለቀቃል»
ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ሪከርዱ (በፋይሉ ውስጥ ያለው አንድ መዝገብ) «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ይደረግበታል እንጂ ቦታውን አይለቅም። 10 ሚሊዮን ሪከርድ ካለው ፋይል 8 ሚሊዮኑን ብትሰርዙ ፋይሉ በዲስኩ ላይ የያዘው ቦታ ንቅንቅ አይልም። ፋይሉን ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ፕሮግራምም የተሰረዙትን ጭምር አልፎ ነው የሚሄደው። የፋይሉን መግለጫ ክፈቱ፤ ያሉትና የተሰረዙት ሪከርዶች ብዛት ተጽፏል። የተሰረዘው ከበዛ ፋይሉን እንደገና ማደራጀት ነው፤ ተጠቃሚ በሌለበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል።

ሲስተሙ የተሰረዘውን ቦታ መልሶ እንዲጠቀም ማዘዝም ይቻላል። በኤስኪውኤል (በዳታቤዝ ቋንቋ) የተፈጠረ ሰንጠረዥ ከጅምሩ እንዲህ ነው፤ በድሮው መንገድ የተፈጠረ ፋይል ግን ካልነገሩት አያደርገውም። አንድ ጣጣ አለው፦ አዲስ ሪከርድ መሃል ላይ ሊገባ ይችላል። በገቡበት ቅደም ተከተል የሚያነብ የቆየ ፕሮግራም ካላችሁ ጉድ ይፈላል፤ መጀመሪያ እሱን አጣሩ።

«ሎጂካል ፋይል በበዛ ቁጥር ፍጥነት ይጨምራል»
ሎጂካል ፋይል የዋናውን ፋይል ዳታ በሌላ ቅደም ተከተል ወይም ምርጫ የሚያሳይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ኢንዴክስ (የፍለጋ ማውጫ) አለው። ለማንበብ ሊያግዝ ይችላል። ለመጻፍ ግን እያንዳንዱ ኢንዴክስ ሸክም ነው፤ አንድ ሪከርድ በገባ ቁጥር ሊታደስ ይችላል። የማይሠራበትን ለማጥፋት መጨረሻ ጥቅም ላይ የዋለበትን ቀን እዩ። ግን አትቸኩሉ፤ ለዓመት መዝጊያ ሪፖርት ብቻ የሚፈለግም አለ።

«ሲስተሙ ከተንቀራፈፈ ዲስክ ይገዛ»
በእኔ እይታ ይህ መጨረሻ ላይ የሚመጣ መፍትሔ ነው። ሜሞሪ ሲያንስ ሲስተሙ ገጾችን (የዳታ ቁርጥራጮችን) ከዲስክ ደጋግሞ ያመጣል፤ ዲስኩ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። መጀመሪያ የሜሞሪ ፑሎቹን (ሜሞሪው ለሥራዎች የተከፋፈለባቸውን ክፍሎች) ተመልከቱ።

«ዲስኩ እስከ 99 በመቶ ቢሞላ ችግር የለውም»
አለው። የማስጠንቀቂያው ገደብ ካልተቀየረ 90 በመቶ ነው፤ ዋናው ማከማቻ ጢም ካለ ማሽኑ ራሱ ሊቆም ይችላል። ብዙ ጊዜ ቦታ የሚበሉት የቆዩ የስፑል ፋይሎች (ለህትመት የተዘጋጁ ውጤቶች)፣ የጆብ ሎጎች (የሥራዎች መዝገብ) እና የጆርናል ሪሲቨሮች (የዳታ ለውጦች የሚመዘገቡባቸው) ናቸው። ሪሲቨሮቹን ባካፕ ሳታደርጉ አታጥፉ።