የመስኖ ሞተር ክረምቱን እንዴት ይቀመጥ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከቆቦ ሜዳ እስከ ሀብሩ፣ ከቃሉ የቦርከና ዳርቻ እስከ ሐይቅ ዙሪያ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ የወሎ ገበሬ በቤንዚን የሚሠራውን የውሃ ፓምፕ ከጥቅምት ጀምሮ ሲያስጮኸው ይከርምና ሰኔ ሲገባ ያሳርፈዋል። በልጉ የያዘ እንደሆነም በመካከሉ ለሳምንታት የሚቆምበት ጊዜ አለ። በጥቅምት ገመዱ ሃያ ጊዜ ተስቦ አልነሣ ሲል ጥፋቱ ወደ ሞተሩ ወይም ወደ ሻጩ ይዞራል፤ በእኔ እይታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው በውስጡ የተተወው ቤንዚን ነው። ያው ቤንዚን ቤት ሊያቃጥልም ስለሚችል፣ ስለ ሞተር አቀማመጥ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች ከነእርማታቸው አቀርባለሁ።

«ቤንዚን ወተት አይደለም፤ ቢቀመጥ አይበላሽም» የሚለው የመጀመሪያው ነው። ቤንዚን ግን ይበላሻል። ቀላልና ከባድ ከሆኑ ብዙ ፈሳሾች የተቀየጠ በመሆኑ፣ በቀዝቃዛ ጠዋት ሞተሩን የሚያስነሡት ቀላሎቹ ቀድመው ይተናሉ፤ የቀሩት ደግሞ ከአየር ጋር እየተዋሐዱ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ዝቃጭ ይሆናሉ። ይህ ለውጥ ከ30 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሊታይ ይችላል፤ ሙቀትም ያፋጥነዋል፤ ስለዚህ ከደሴ በ1,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ በምትገኘው በቆቦ ከደጋው ይልቅ ቶሎ መድረሱ አያስገርምም። ቤንዚኑን ከአየር ጋር ቀይጦ ለሞተሩ የሚሰጠው የካርቡሬተሩ የነዳጅ ቀዳዳ ከአንድ ሚሊ ሜትር ስለሚጠብ፣ ለዓይን የማይሞላ ዝቃጭ ሊደፍነው ይበቃል። ግማሽ ብቻ የተሞላ ታንከር ደግሞ ከቤንዚኑ በላይ ያለው ባዶ ቦታ እርጥብ አየር ስለሚይዝ ከሙሉው የባሰ ይጎዳል።

ይህን የተረዳ ሰው ወዲያው ወደ ሁለተኛው ስሕተት ይሻገራል፤ «ታንከሩን ካራገፍሁ ጨረስሁ» ይላል። ታንከሩ ባዶ ቢሆንም በካርቡሬተሩ ጽዋ ውስጥ ጥቂት ቤንዚን ይቀራል፤ ዝቃጩ የሚሠራውም በትክክል እዚያው ነው። ስለዚህ ሞተሩ በመጨረሻው የመስኖ ቀን ውሃ እየሳበ ሳለ የነዳጁ መዝጊያ ይዘጋና በራሱ ጊዜ እስኪጠፋ ይጠበቃል፤ ከዚያም ሲቀዘቅዝ ከጽዋው ሥር ያለችው ብሎን ተፈትታ የቀረው ጠብታ ይወጣል። ታንከሩም የሚራገፈው ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ በሜዳ፣ ሲጋራም እሳትም በሌለበት ነው። የወጣው ቤንዚን ትኩስና ንጹሕ ከሆነ ክረምቱን ከሚጠብቅ ለባጃጅ ወይም ለሞተር ሳይክል ቢውል ይሻላል። ቤንዚን እንዳይበላሽ የሚጨመር ማቆያ ማግኘት የሚችል ሰው ነዳጁን በታንከሩ ሊያቆይ ይችላል፤ ነገር ግን ማቆያው የሚጠቅመው በትኩስ ቤንዚን ላይ ተጨምሮ፣ ሞተሩም ለአሥር ደቂቃ ያህል ሠርቶ እስከ ካርቡሬተሩ ከደረሰ ብቻ ነው። የተበላሸውን አያድነውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ «ሞተሩ ከእኛ ጋር ቤት ውስጥ ይደር፤ ሌባ አያገኘውም» የሚለው ነው። ስለ ሌባው የሚነገረው ሐሰት አይደለም፤ ብዙ ገንዘብ የወጣበትን ዕቃ ወንዝ ዳር ጥሎ መተኛት ማን ይችላል? ይሁን እንጂ ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ይሰጣል፤ ትነቱም ከአየር ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ ወደ ጣሪያ አይወጣም፣ በወለሉ ላይ እየተሳበ ይሄዳል። ወሎ ቤት ውስጥ ደግሞ ወለሉ ላይ ያለው ምን እንደሆነ እናውቃለን፦ የቡናው ከሰል፣ የዕጣኑ ማጨሻ፣ አንዳንዴም ኩራዝ። ሞተሩ በአንድ ጥግ፣ ጀበናው በሌላው ጥግ ቢሆኑም ትነቱ እሳቱ ድረስ ተስቦ ሊሄድና ነበልባሉ ወደ ታንከሩ ሊመለስ ይችላል። መፍትሔው ነዳጁን ከሞተሩ መለየት ነው፤ ጨርሶ የተራገፈና ክዳኑ ለጥቂት ሰዓት በሜዳ ተከፍቶ የተናፈሰ ሞተር ከመኖሪያው በተለየ ክፍል በሰንሰለት ታስሮ ሊቆለፍበት ይችላል። በየቀኑ ሥራ ላይ ያለና ነዳጅ የያዘ ሞተር ግን መዝጊያው ተዘግቶ፣ አየር በሚያገኝ ዳስ ሥር ይደር።

ጄሪካኑም ቢሆን አብሮ ቤት መግባት የለበትም። በተለይ ቤንዚን በሃይላንድ ፕላስቲክ ማስቀመጥ መቅረት ያለበት ልማድ ነው፤ ውሃ የመሰለው ልጅ አንሥቶ ሊጠጣው ይችላል።

«ቤት ውስጥ በር ከፍቼ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ባስነሣውስ?» ለሚል መልሱ አጭር ነው፤ አይሆንም። ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ገዳይ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተከፈተ በርም በቂ መከላከያ አይደለም።

«በየሳምንቱ ማስነሣት ያድነዋል» የሚለው ምክር ለመኪና የተባለው ወደ ፓምፕ ተሻግሮ የመጣ ይመስለኛል። ፓምፕ ያለ ውሃ ሲሽከረከር ውሃው ያቀዘቅዘው የነበረው፣ ፓምፑ እንዳያፈስ የሚያሽገው ክፍል ይቃጠላል፤ ለአጭር ጊዜ የተነሣ ሞተርም በቅጡ ስለማይሞቅ በዘይቱ ውስጥ ያጠራቀመውን እርጥበት አያስወጣም። ይልቁንም የፓምፑ ሆድ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ የወንዙ ደለል ይውጣ፤ ከዚያም የታችኛው መክፈቻ ተፈትቶ ውሃው ሁሉ ይፍሰስ።

ዘይትን በተመለከተ «በጥቅምት ስጀምር እቀይረዋለሁ» ይባላል። ያገለገለ ዘይት አሲድና እርጥበት ስለሚይዝ የሚቀየረው ከመቀመጡ በፊት ነው። በብዙ ፓምፖች ላይ የሚታየው የሆንዳ ጂ ኤክስ 160 ዓይነት ሞተር ከግማሽ ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ዘይት ብቻ ስለሚወስድ ወጪው ከባድ አይደለም። በዚያው አጋጣሚ ካንዴላው ተፈትቶ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ዘይት በቀዳዳው ይጨመራል፤ ገመዱ ቀስ ተብሎ ጥቂት ጊዜ ሲሳብ ዘይቱ ሲሊንደሩን ይቀባዋል፤ ካንዴላው ከተመለሰ በኋላም ገመዱ ከበድ በሚልበት ቦታ ላይ ይቆማል፤ በዚያ ቦታ ቫልቮቹ ተዘግተው የክረምቱን እርጥበት ይከለክላሉ።

ሞተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ማሰር እንደ ጥንቃቄ ይቆጠራል፤ እርጥበቱን ግን ከውስጥ ይዘጋበታል፣ በትኩስ ማርሚታ ላይ ከሆነም ላስቲኩ ሊቀጣጠል ይችላል። ከቀዘቀዘ በኋላ አየር የሚያሳልፍ ጨርቅ ይልበስ፤ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከጭድ ርቆ ይቀመጥ፤ አይጥ በማቀዝቀዣው ሽፋን ውስጥ ጎጆ መሥራት ትወዳለችና። በአህያ ሲጫንም በጎኑ አይተኛ፤ ዘይቱ ወደ አየር ፊልትሮው ይገባል።

በጥቅምት ትኩስ ቤንዚን ተሞልቶ ሲነሣ ነጭ ጭስ ቢያወጣ «ተበላሸ» ብሎ ወደ ጋራዥ የሚሮጥ አለ። በሰኔ በካንዴላው ቀዳዳ የገባው ዘይት እየነደደ ስለሆነ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያቆማል።