ፓራኬታችሁ ላባ ስለጣለች ቅንቅን ወረራት ማለት አይደለም

«ላባዋ ረገፈ፣ ቅንቅን ነው፣ ምን ልንፋባት?» ቤት ውስጥ ስለምትረባው ትንሽ በቀቀን፣ ስለ ፓራኬት፣ ይህን መስማት ሰልችቶኛል። የሚያናድደኝ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምጠየቀው መድኃኒቱ ከተነፋ በኋላ መሆኑ ነው።

ላባ ያረጃል፣ ይወድቃል፣ በቦታው አዲስ ይበቅላል። ፓራኬት መጀመሪያ የምትቀይረው ከ3 እስከ 4 ወር ሲሆናት ነው። ግንባሯ ላይ ያሉት ጥቋቁር መስመሮች የሚጠፉትም ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ በዓመት አንድ ሁለቴ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትቀይራለች፤ ሳምንታት ይወስዳል። ራሷ ላይ እንደ እሾህ የቆሙት ነጫጭ ነገሮችም ተባይ አይደሉም። ጠጋ ብላችሁ እዩ፤ እያንዳንዱ በስስ ሽፋን የተጠቀለለ አዲስ ላባ ነው። ሽፋኑ ሲደርቅ ፎረፎር የሚመስል ብናኝ ይራገፋል።

አንዲት ደንበኛዬ ይህን ብናኝ የቅንቅን እንቁላል መስሏት የዶሮ ፀረ ተባይ ነፋችባት። ወፏን ስታመጣልኝ አፏን ከፍታ ታለከልክ ነበር፤ በተነፈሰች ቁጥር ጅራቷ ከፍ ዝቅ ይላል። ላባዋ ግን ከመጀመሪያውም ምንም አልሆነም! ወፍ አየር ውስጥ ያለውን መርዝ ከእኛ ይልቅ ቶሎ ወደ ሰውነቷ ታስገባለች። ከ30 እስከ 40 ግራም ለምትመዝን ፍጥረት ደግሞ ትንሹም ብዙ ነው። ፓራኬትን በብዛት የሚያጠቃው ቅንቅን ዋና ምልክቱ ምንቃሯ ዙሪያና እግሯ ላይ የሚወጣ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሻካራ ቅርፊት ነው። መድኃኒቱንም በክብደቷ ለክቶ የሚሰጠው የእንስሳት ሐኪም ነው።

«መላጣ ብትሆንም ላባ እየቀየረች ነው» የሚሉም አሉ። አይደለም። ጤነኛ ወፍ ተራ በተራ ስለምትቀይር ቆዳዋ ገላጣ ሆኖ አይታይም። ራሷ ብቻ ከተመለጠ አብራት ያለችውን ወፍ ጠርጥሩ፤ የገዛ ምንቃሯ እዚያ አይደርስም። ደረቷ ተነጭቶ ራሷ ደህና ከሆነ ግን የምትነጨው ራሷ ልትሆን ትችላለች። ጫጩት የክንፍና የጅራት ላባዋን ከጣለች የቫይረስ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ከሌሎቹ ለይታችሁ ሐኪም ጋ ውሰዷት።

«ላባ ስትቀይር መብረር አትችልም» የሚባለውም ስህተት ነው። መብረር ካቃታት ታይታ መታከም አለባት።

«ገላዋን ከታጠበች ይበርዳታል»? ክፍሉ ሞቅ ያለ ከሆነ ለብ ያለ ውሃ በሳህን አቅርቡላት። ሽፋኑን ያለሰልሰዋል፣ ማሳከኩንም ይቀንሳል።

«ጥራጥሬ ይበቃታል» ለሚሉ፦ ላባ በአብዛኛው ፕሮቲን ነው። በዚህ ሰሞን ትንሽ የተቀቀለ እንቁላልና አረንጓዴ ቅጠል ጨምሩላት። እንቅልፏንም አታቋርጡባት።

እባካችሁ፣ «እንዲቀልላት» ብላችሁ አዲሱን ላባ አትንቀሉ። ሥሩ ውስጥ ደም አለ። ተሰብሮ ከደማ በንጹሕ ጨርቅ ቀስ ብላችሁ ጫን አድርጋችሁ ያዙት፤ ደረቷን ግን አትጫኑ፣ መተንፈስ ያቅታታል። ደሙ አልቆም ካለ ወዲያው ወደ ሐኪም ሩጡ።