የጽሞና ጎጆ መሥራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በተፈጥሮ መሐል ለጸጥታና ለማሰላሰል የሚሆን ትንሽ ቤት መሥራት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከፎቶግራፍ ነው። ገደል አፋፍ ላይ የቆመ፣ ዙሪያውን መስታወት የሆነ፣ ውስጡ ባዶ ቤት። ፎቶው ያምራል፤ ነገር ግን ቁጭ ብለው ሲያስቡበት ብርዱ፣ ነጸብራቁ፣ የታፈነው አየርና የፓምፑ ድምፅ ሐሳብ ይበትናሉ። የጽሞና ቤት ዋና ሥራው የተቀመጠበትን ሰው በቤቱ ጉዳይ እየጠራ ሐሳቡን አለመበተን ነው ብዬ አምናለሁ። የሚከተሉትን አመለካከቶች የምመዝነውም በዚሁ ነው።

«ከሰው በጣም መራቅ አለበት»

ጸሐፊው ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ በ1845 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ዋልደን ኩሬ አጠገብ የሠራት ጎጆ ስፋቷ 3 በ4.5 ሜትር ያህል ነበር። ከኮንኮርድ ከተማ የምትርቀው ግን 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ባቡር በኩሬው ጫፍ ያልፍ ነበር፤ እንግዳም ይመጣ ነበር። ቶሮ ከሁለት ዓመት በላይ የኖረው በዚያች ጎጆ ነው።

በጣም የራቀ ቤት ችግሩ ባለቤቱ ራሱ አለመሄዱ ነው። ሲሄድም ውኃ፣ ማገዶና ጥገና ቀኑን ይበሉበታል። ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ የመጨረሻዋ መንገድ ትበልጣለች። መኪናው ከቤቱ 100 ወይም 200 ሜትር ርቆ ቢቆምና ቀሪው በእግር ቢሄድ፣ በሩም ከመኪና ማቆሚያው ባይታይ፣ ሰውየው ገና ሳይገባ ልቡ መርጋት ይጀምራል።

«ዛፍ ከተተከለ ድምፅ አይገባም»

ይህ በጣም የተስፋፋ ስሕተት ነው። ቅጠል ቀላል ነገር ስለሆነ ድምፅ በግንዶቹ መሐል ሾልኮ ያልፋል። 30 ሜትር ጥልቀት ያለው ጥቅጥቅ ያለ ደን እንኳን የሚቀንሰው ጥቂት ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ብቻ ነው። አንድ ረድፍ ዛፍማ ከቁጥር አይገባም። የዛፍ ትክክለኛ ውለታ ሌላ ነው፦ ነፋስ ሲነካው የሚያሰማው ሹክሹክታ የሩቁን ድምፅ ይሸፍናል።

ርቀት ይረዳል፣ ግን እንደምንገምተው አይደለም። እንደ አንድ ጄኔሬተር ያለ ከአንድ ነጥብ የሚወጣ ድምፅ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። መኪና ከማይጠፋበት አውራ መንገድ የሚመጣው ግን 3 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከመንገዱ 100 ሜትር የነበረውን ቤት ወደ 200 ሜትር መውሰድ ጆሮ እምብዛም የማይለየው ለውጥ ያመጣል። ያንኑ ቤት መንገዱን ከሚጋርድ ጉብታ ጀርባ ማስቀመጥ ግን ብዙ ለውጥ አለው። ድምፅን የሚያቆመው ክብደት ነው፤ አፈር፣ ድንጋይ፣ ወፍራም ግድግዳ። አየር የሚያሾልክ ስንጥቅ ሁሉ ድምፅም ስለሚያሾልክ ከወፍራሙ ግድግዳ በፊት የበሩ ሥር ክፍተት ቢደፈን ይሻላል።

ከዚያ ደግሞ የራሱ የቤቱ ድምፅ አለ። ውጭው ጸጥ ሲል የፍሪጅ እምምታና የግድግዳ ሰዓት ምት ጎልተው ይወጣሉ። ሞተር ያለው ነገር ሁሉ ከመቀመጫ ክፍሉ ግድግዳ ውጭ፣ የራሱ መሠረት ላይ መቆም አለበት። ቆርቆሮ ክዳን ከሥሩ ወፍራም መከላከያ ካልተነጠፈለት በዝናብ ጊዜ ከበሮ ነው።

«መስታወቱ በሰፋ ቁጥር ወደ ተፈጥሮ ይቀርባል»

ቀን ላይ እውነት ይመስላል። ሲመሽ ግን መብራት የበራበት ክፍል መስታወት ጥቁር የፊት ማያ መስተዋት ይሆናል፦ የሚታየው ጫካው ሳይሆን የተቀመጠው ሰው ራሱ ነው። ሰውየው ውጭውን ማየት ሳይችል ከውጭ ግን በደንብ ይታያል። በዚህ ስሜት ውስጥ ማሰላሰል ይከብዳል። መስታወቱ ፀሐይ ሲያገኘው ክፍሉን ያግላል፣ ሲመሽ ሙቀቱን ያባክናል፣ ወፎችም ሰማዩን በውስጡ እያዩ ይጋጩበታል። ይህ የመጨረሻው ብቻውን አንድን ሰው ደግሞ እንዲያስብ ሊያደርገው ይገባል፤ ወደ ተፈጥሮ እንቅረብ ብለን ተፈጥሮን የምንገድልበት ቤት መሥራት የለብንም።

አርክቴክቱ ለ ኮርቡዚዬ በ1952 እ.ኤ.አ. በደቡብ ፈረንሳይ፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ለራሱ ያሠራት የእንጨት ቤት 3.66 በ3.66 ሜትር ነበረች። ያን ሁሉ ባሕር ከፊቱ አድርጎ ግድግዳውን መስታወት አላደረገውም፤ ትንንሽ መስኮቶችን መረጠ።

መስኮት የሚለካው ከተቀመጠ ሰው ዓይን ነው። ወለል ላይ የተቀመጠ አዋቂ ዓይኑ ከ75 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ ደግሞ 120 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይውላል። የመስኮቱ ፍሬም አግዳሚ እዚያው ከፍታ ላይ ከዋለ እይታው ለዘላለም ተቆርጧል። ከመቀመጫው ፊት አንድ ዝቅ ያለ መስኮት፣ ከሌላ ጎን ደግሞ ብርሃን ብቻ የሚያስገባ ከፍ ያለ ሁለተኛ መስኮት ቢኖር ነጸብራቁ ይለሰልሳል።

«ትንሽ ክፍል የአየር ማስገቢያ አያስፈልገውም»

በትንሽ ክፍል ነው ይበልጥ የሚያስፈልገው። 3 በ4 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 30 ሜትር ኪዩብ አየር ይይዛል። ያረፈ ሰው በሰዓት 20 ሊትር ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። የውጭው አየር ከሚሊዮን 420 እጅ ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ክፍሉ ከታሸገ በአንድ ሰዓት ወደ 1,100፣ በሁለት ሰዓት ወደ 1,750 ይደርሳል። ሁለት ሰዎች ከተቀመጡ ጭማሪው እጥፍ ነው። ያኔ የሚመጣውን ድብታ ብዙዎች የመንፈስ መረጋጋት ይመስላቸዋል፤ ወይም ማሰላሰል እንቅልፍ ያመጣብኛል ብለው ይተዉታል። ጥፋቱ የቤቱ ነው።

መፍትሔው በአንዱ ጎን ወለሉ አጠገብ፣ በተቃራኒው ጎን ደግሞ ጣሪያው ሥር የሚከፈትና የሚዘጋ ቀዳዳ ነው። የሞቀው አየር በላይ ሲወጣ ንጹሑ በታች ይገባል። የማገዶ ምድጃ ካለ የራሱ የውጭ አየር ማስገቢያና ጭስ ማውጫ የግድ ነው፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያም እንዲሁ። ከሰል በዚህ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይነድም።

«ትንሽ ስለሆነ በርካሽ ያልቃል»

ጠቅላላው ወጪ ያንሳል፣ በካሬ ሜትር ሲሰላ ግን ይወደዳል። ቁመቱም ጎኑም 3 ሜትር የሆነ ቤት ለ9 ካሬ ሜትር ወለሉ 54 ካሬ ሜትር ግድግዳ፣ ጣሪያና ወለል ያሠራል፤ ለአንድ ካሬ ሜትር 6 ማለት ነው። ቁመቱ ሳይጨምር ጎኑ 9 ሜትር ቢሆን 3.3 ብቻ ነበር። ብርድና ሙቀትም የሚገቡት በዚሁ ገጽ ነው። የብርድና የሙቀት መከላከያው ላይ የሚቆጥብ ሰው ቤቱን ለግማሽ ዓመት ይዘጋዋል።

«ቤቱ በጣም ውብ በሆነው ቦታ ላይ ይቁም»

ከተሠራበት በኋላ ያ ቦታ የለም። ውብ ቦታው ይቆይ፣ ቤቱም ከጎኑ ሆኖ ይየው። በጠራ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ወደ ሸለቆው ግርጌ ይወርዳል፣ የኮረብታው ጫፍ ላይ ደግሞ ነፋስ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የተሻለው የተዳፋቱ ወገብ ነው።

«ባዶ ክፍል አእምሮን ያረጋል»

ባዶነት ማስቀመጫ ይፈልጋል። ብርድ ልብስ፣ ጫማ፣ መጥረጊያ፣ እርጥብ ካፖርትና ማገዶ የትም አይጠፉም፤ ቦታ ካልተሰጣቸው ወለሉን ይይዛሉ። ለ ኮርቡዚዬ በዚያች የባሕር ዳርቻ ቤቱ ውስጥ አልጋውን፣ ጠረጴዛውንና መደርደሪያውን ከሕንጻው ጋር አንድ አድርጎ ነው የነደፈው። ማእድ ቤት አልሠራም፤ የሚበላው በአንድ በር ከቤቱ ጋር በተያያዘው ጎረቤት ምግብ ቤት ነበርና። በ12 ካሬ ሜትር ቤት ሁለት ካሬ ሜትር ያህሉን ለቁም ሣጥንና ለመደርደሪያ መስጠት አይበዛም። ይህም ከተቀመጠው ሰው ጀርባ፣ በበሩ በኩል ይሁን።